ሳሙና የጠጣ ማንቆርቆሪያ

አንድ ሰው ነበረ፤ አገሩ ቻይና፣ ሥራው ሻይ ቅጠል መነገድ። አንተ ደባልቄ፣ «ልጄን ክርስትና የሚያነሣልኝን ወዳጄን የሐሰት ምስጢር ነግሬው፣ ያወጣው እንደሆነ ልፈትነው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱ እዚያ ሰውዬ ዘንድ ነውና ስማኝ።

ነጋዴው ብልህ ነበረ፤ ብልህነቱ ግን እንቅልፍ ነሥቶታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያርቅ ኖሮ፣ በስተርጅናው አንድ ወዳጅ ብቻ ቀረው። እሱም አብሮት ያደገ ሸክላ ሠሪ ነው። ይህ ወዳጁ፣ አባቱ ቆፍሮ ካቆየለት አፈር የመጨረሻዋን እፍኝ አውጥቶ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሠራለት። በዚያ አገር ጭቃውን በእንጨት እየደበደቡ ያሳሱታል፣ በእጅ ያጋጥሙታል፣ ምንም ሳይቀቡ በእሳት ይተኩሱታል። ስለዚህ ሸክላው የተቀዳበትን ሻይ ወደ ገላው ይስባል፤ በቆየ ቁጥርም ይጣፍጣል።

«ወንድሜ፣ ከሻይ በቀር ምንም እንዳታስነካው» ብሎ ሰጠው።

ነጋዴው ይህችን ቃል እያላመጠ ቤቱ ገባ። ለምን እንዲህ አለኝ? ቢታጠብ የሚለቅ ነገር ቢኖረው ነው እንጂ! ተራ ጭቃ ቀለም እየነከሩ የሚሸጡ እንዳሉ ገበያ ላይ ሰምቷል። ውኃ ሞላበትና የክዳኑን ቀዳዳ በጣቱ ደፍኖ አዘነበለው። ውኃው ቀጥ አለ፤ ክዳኑ አየር እንኳ አያስገባም ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን «እንዲህ ያለ ልክ የሰው እጅ አያወጣም፤ በቅርጽ ማውጫ አትሞት ነው» አለ። ውስጡን ቢያይ ጭቃው የተጋጠመበት ቀጭን መስመር አለ። የእጅ ሥራ ምልክቱ ይኸው ነበር። እሱ ግን «ስንጥቅ ደብቆብኛል» አለ። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ታሳምነዋለህ?

በመጨረሻ ሳሙና በድስት በጠበጠ፣ ማንቆርቆሪያውን ከተተና አፈላው። አንድም ቀለም አልለቀቀም። ነጋዴው አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ደስ አለው። ወዲያው ወዳጁን አስጠርቶ ምርጥ ሻዩን ቀዳለት።

ሁለቱም አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ሻዩ ሳሙና ሳሙና አለ።

«አላልኩም!» ብሎ ጮኸ ነጋዴው። «ጭቃው የተበላሸ ነው! እኔን፣ አብሮ አደግህን?»

ሸክላ ሠሪው ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ አሸተተ። «ምን አጠጣኸው?» አለው።

ነጋዴው ሳሙና ወደ በጠበጠበት ድስት ዞር ብሎ አየ። ሸክላ ሠሪው ስኒውን አስቀምጦ ተነሣና ወጣ፤ ዳግመኛም የዚያን ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

እንግዲህ ደባልቄ፣ ሸክላው ወዳጅህ ነው፤ የፈጠርኸው ምስጢር ደግሞ ሳሙናው። ወዳጅህ ፈተናህን ያልፋል፣ እኔ አልጠራጠርም። ግን አንድ ቀን ይሰማል፤ የሰማ ዕለትም ልቡ ይሻክራል፤ ዝም ይልሃል፣ ይሸሽሃል። አንተም እንደዚያ ነጋዴ «አላልኩም!» ትላለህ። ልጄ፣ ያን ቀን በአፍህ የሚመርህ የሱ ክፋት አይደለም፤ አንተው ያጠጣኸው ነው።