«ከየት መጣህ?» የሚለው ሹፌር

አንድ ሰው ነበረ፤ በሐዋሳ ከተማ ሚኒባስ የሚነዳ። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ ኖሮ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም።

ይህ ሰው፣ ወገኖቼ፣ አንድ ክረምት ላይ ሰላም አጣ። ከተማው በሙሉ ያደመበት መሰለው። ባጃጁ ከጎኑ ዱብ! ብስክሌቱ ዱብ! እግረኛው ዱብ! ፍሬን ይይዝና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል፦ «አንተ! ከየት መጣህ?»

ከየት ይመጣል? ሰዉማ ሁልጊዜ በሚመጣበት መንገድ ነው የመጣው!

አንድ ቀን የአንድ ባጃጅ ጎን ልጦ አለፈ። ይባስ ብሎ ወርዶ ባለባጃጁን በጥፊ መታው። የመኪናው ባለቤት ጠርቶ፣ «መርጊያ፣ መጠጥ ጀመርክ እንዴ?» አለው። መርጊያ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም! ተናደደ። ራሱን ያመው ነበርና መነጽር ቤት ሄደ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ መጨረሻው መስመር አነበበ። «ዓይንህ ደህና ነው» ተባለ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው?

ሚስቱን ታደለችን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ከጎኑ ሆና ስታጎርሰው ይበረግጋል። ፊት ለፊቱ ስትሆን አይበረግግም። ለምን?

«እስቲ በሩን ብቻ እያየህ ቆይ፤ እንዳትዞር» አለችው። ከጎኑ እጇን ዘረጋች። «ስንት ጣት ነው?»

«የቱ ጣት?»

በሌላው በኩል ዞረች። «ይሄስ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አትቀልጂብኝ! የት ነው ያለሽው?»

ታደለች እጇን አወረደች። «ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«ደህና ነህ ተብዬ የለም እንዴ!»

«እኔ ደህና ነህ አላልኩህም።»

ሐኪሟ አንድ ዓይኑን አስሸፍና ጣቷን ከዳር ወደ መሃል አመጣች። ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱም ዓይኖች በውጭ በኩል ያለውን አያዩም። ጭንቅላቱን በኤምአርአይ አስነሳችው። ከአንጎል ሥር ባለች ሆርሞን የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ ላይ እብጠት በቅሎ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች የሚገናኙበትን ቦታ ተጭኖት ነበር።

«እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም» አለች። «ግን ያድጋል። ነርቩ ብዙ ከተጎዳ ደግሞ አይመለስም። ምነው ቆያችሁ?»

«ፊደሉን ሁሉ አንብቤ ነበር እኮ!» አለ መርጊያ።

«ፊደሉ ያለው መሃል ላይ ነዋ።»

አዲስ አበባ ሄዶ በአፍንጫው በኩል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በግራ በኩል ማየት ጀመረ። በቀኝ በኩል ግን የተመለሰለት ጥቂት ነው። ባለባጃጁን ፈልጎ እግሩ ላይ ወደቀ። መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጠም። ጥቂት ወራት ቀድሞ ቢሄድስ ኖሮ? ማን ያውቃል?

እናንተስ? ሰው ሁሉ ድንገት የሚገባባችሁ፣ ባልንጀራችሁ ሁሉ የተነሳባችሁ መስሏችሁ ታውቃላችሁ? ስሙኝ፤ የማናየው ነገር ጥቁር ሆኖ አይታየንም። ዝም ብሎ ይጠፋል። እኛም ያለው ነገር ሁሉ የሚታየን ይመስለናል። ሚስት ከጎን ታለቅሳለች፤ ልጅ ከጎን ይጠፋል፤ እኛ ፊት ለፊት ያለውን ጥቅስ ጥርት አድርገን እናነባለን!

ራሳችሁን የሚያማችሁ፣ ዳር ዳሩ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ ጸልዩ፤ ሐኪም ቤትም ሂዱ። ልባችሁ የጠበበባችሁ ደግሞ ዛሬ ቤት ስትገቡ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው፣ «እኔ የማላየው ምንድን ነው?» በሉት። ሲነግራችሁ አታቋርጡት። ቢያማችሁም እስኪጨርስ ስሙት።