የአያ ጅቦ ጾም

ተረት ተረት! የጥርሶች በረት!

እመት ጦጢት ወር በገባ ቁጥር ከዋርካ ሥር ተቀምጣ፣ የወይራ መፋቂያ እያደለች፣ የአራዊትን ጥርስ ትመረምር ነበር። አያ ጅቦ ግን፣ «አጥንት ለሚሰብር ጥርስ ሐኪም ምን ያደርግለታል?» እያለ በኩራት ያልፋት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በሬ ገደል ገባና ጅቦች ሁሉ ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ለሃጩን እያዝረበረበ የመጀመሪያውን አጥንት ቢነክስ መንጋጋው እንደ እሳት ነደደ። ሕመሙን እንዳያውቁበት፣ «እኔስ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» ብሎ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ።

ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና፣ «አያ ጅቦ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ፤ ጾሙ የቱ ጋ እንዳመመዎ ልይልዎ» አለችው።

በሬው እያለቀ ነበር። አያ ጅቦ ግራ ቀኙን አየና አፉን ከፈተ።

ተረቴን መልሱ፣ አፋችሁን በመፋቂያ አብሱ።