መሰላሉ ላይ የተቀመጠችው ሚስት

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ይትባረክ ልጄ፣ «የቢሮውን ስብሰባ ብቀንስ ሥራው ከእጄ አይወጣም ወይ፣ አክስቴ?» ብለኸኛልና፣ መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

የዚህ ሰው ከብት ሜዳ አይበቃው፣ እህሉ ጎተራ አይበቃው፤ እሱ ግን የሚተኛው በሚያፈስ ቤት ነው። አምና ቤቱን በአንድ ግዴለሽ አስከድኖ እሱ ገበያ ለገበያ ሲዞር፣ ክረምቱ ሲገባ ውሃው አልጋው ላይ ወረደ። ሚስቱ ማሰሮ ስትደቅን ከረመች። ዘንድሮ ደግሞ ይቺው ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ወሯ ገብቷል፤ ሰማዩም በማዶ መጥቆር ጀምሯል።

ስለዚህ ከአሮጌው ቤት አጠገብ አዲስ ቤት አሠራ። ግድግዳው ቆመ፣ ወራጁ ተመታ፣ ማገሩ ታሰረ፤ የቀረው የሣር ክዳኑ ብቻ ነው። በአገሩ አሉ የተባሉ የክዳን ባለሙያዎች አስመጣ። ጠዋት፣ ገና ጣራ ሳይወጡ፣ ክዳኑ ምን ያህል ይወፍር፣ ከየት ይጀመር ብለው ቁጭ ብለው ተመካከሩ። ደግ አደረጉ። ከዚያ በመሰላሉ ወጥተው ሥራቸውን ያዙ።

ሰውየው ግን፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ያ የአምናው ጠብ ጠብ ከጆሮው አልወጣም። ከታች ሆኖ ሲያንጋጥጥ ሁሉም የሚያፈስ ይመስለዋል። አንዱ ሠራተኛ ዝም ካለ «ይኼ ሰው ምን ደብቆኝ ነው?» ይላል በልቡ። ሁለቱ ከተነጋገሩም «ምን ተባባሉ?» ብሎ ይጨነቃል። ሲጨንቀው ይጣራል።

«ኧረ ሰዎች፣ አንድ ጊዜ ውረዱ እንመካከር።»

ይወርዳሉ። ግራሩ ሥር ይቀመጣሉ። «ሥራው እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው፣ ጌታው።» «ሣሩ አልሳሳም?» «አልሳሳም፣ ጌታው።» ጠላ ይቀዳል። አንዱ ስለ ማገሩ ይናገራል፤ ሌላው ተነሥቶ ያንኑ በሌላ አፍ ይደግመዋል። ሰውየው ልቡ ጥቂት ረጋ ሲል ያሰናብታቸዋል። ሲወጡ ምን ያገኛሉ መሰለህ? ሣር ክዳን እኮ ረድፉ ተደርድሮ እስኪታሰር እጅ አይለቀቅም። እነሱ ሳያስሩት ትተውት የወረዱትን ነፋሱ በትኖታል። እንደገና ይደረድራሉ፤ ለማሰር ልጡን ሲያነሡ «ኧረ ሰዎች» ይላል ከታች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ጣራው ራሰ በራ እንደሆነ ነው። ሰውየው ይህን ሲያይ ይብሱን ፈራ፤ ይብሱን ሲፈራ ይብሱን ተጣራ።

ሚስቱ አሮጌው ቤት ደጃፍ ላይ፣ ሆዷን ይዛ፣ ይህን ሁሉ ታያለች። ተራራው በደመና ሲሸፈንም አየች። ሠራተኞቹ ከምክሩ ተመልሰው እስኪወጡ ጠበቀች። የመጨረሻው ሰው እግሩን ጣራው ላይ ሲያሳርፍ፣ መሰላሉን ገፋ አድርጋ መሬት ላይ ዘረረችውና እላዩ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች።

ሰውየው ብዙም ሳይቆይ መጣ። «ኧረ ሰዎች፣ ውረዱ እንመካከር።»

ዋናው ሠራተኛ ከላይ አጎንብሶ አየውና «በምን እንውረድ፣ ጌታው? በክንፍ?» አለው።

ሰውየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ሴት፣ ተነሺ እንጂ ከመሰላሉ።»

«ደክሞኛል» አለችው። «ልጅህ ከብዶኛል። ከቻልክ ከነልጅህ አንሣኝ።»

«ቢያበላሹትስ?»

«እኔ ግራሩ ሥር አልወልድም» አለች። «የእናንተ ምክር ደግሞ ዝናብ አይመልስልኝም።»

ከላይ ያሉት ሳቁ። ከዚያ ሥራቸውን ያዙ። ሰውየው ቤቱን ይዞራል፣ ያንጋጥጣል፣ ይስላል። እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ጠርቶ የሚያወርደው ሰው ከሌለ እሱ ለምን እዚያ እንደቆመ እንኳ አያውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ዋናው ሠራተኛ ራሱ ተጣራ። «ጌታው፣ ሣር አልቆብናል፤ አቀብሉን።»

ሰውየው የሣር ማንሻውን መንሽ አንሥቶ የሣሩን ነዶ ወጋና ወደ ላይ ሰጣቸው። ሌላም ጨመረ። «ልጥ» ሲሉት ልጥ ወረወረ፣ «ውሃ» ሲሉት ቅሉን በገመድ አሰረላቸው። ኩታውን ጣለ፣ ላቡ ጀርባው ላይ ወረደ። ማንንም ሳይጠይቅ፣ ከእጁ የወጣው ሣር ረድፍ በረድፍ ጣራውን ሲያለብስ በዓይኑ አየ። ያ ፍርሃት መቼ ጥሎት እንደሄደ እሱም አያውቅ።

ጉልላቱ ሲታሰር የመጀመሪያዋ ጠብታ ወደቀች። ሚስቲቱ ከመሰላሉ ተነሣች፣ ሰውየው መልሶ አቆመው፣ ሠራተኞቹ ወረዱ፣ ሁሉም አዲሱ ቤት ገቡ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድበው ጀመር። ሰውየው መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ፣ አንጋጦ፣ አንዲት የምታፈስ ቦታ ፈለገ። አጣ።

«ይኸው ተሰብስበናል» አለች ሚስቱ ወገቧን ይዛ። «የምትመካከሩት ካለ ተመካከሩ። ግን ቶሎ በሉ፤ አዋላጅ የሚጠራልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ሰውየው ማንንም ሳያማክር በዝናቡ ሮጠ።

እንግዲህ ይትባረክ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ጣራ ላይ ያሉት እዚያ ቢሮህ ኮምፒዩተራቸው ላይ ያጎነበሱት ናቸው። ሳይታሰር ነፋስ የሚበትነው ሣር፣ ሐሳባቸውን ሰብስበው ገና ሊቋጩት ሲሉ «ስብሰባ አለ» ስትላቸው የሚበተነው ነው። አንተ ስብሰባ በጠራህ ቁጥር ልብህ ያርፋል፤ እነሱ ተመልሰው ከሀ ይጀምራሉ፤ ከዚያ «ሥራው ለምን አልደረሰም?» ብለህ ደግመህ ትሰበስባቸዋለህ። ምክር አይኑር አላልኩህም። ጠዋት ተመካከሩ፣ ማን ጠላው። ከዚያ በኋላ ግን መሰላሉን ዘርረህ ተቀመጥበት፤ አንተ እርጉዝ ባትሆንም ያ ቦርጭህ ለክብደት ይበቃል። ሥራውም ከእጅህ አይወጣም፤ እጅህ መንሹን ይያዝ እንጂ። የጎደላቸውን ራሳቸው ጠርተው ይነግሩሃል፤ ያኔ ፈጥነህ አቀብላቸው።