ለዳስ የተተወ ቦታ

አንድ ደባልቄ የሚባል አናጢ ነበር። በአንዲት የደጋ ከተማ ከቆሙት ቤቶች እኩሌታውን የሠራው እሱ ነው። ጽድ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ጥላ ሥር እስከ መቼ መድረቅ እንዳለበት፣ አንዱ ሲቆረጥ ሁለት መተካት እንደሚገባ ለአገሬው ያስተማረውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የገዛ ግቢው ላይ ሲደርስ እውቀቱ ከዳው።

በዚያች ከተማ እያንዳንዱ ቤት ከጎኑ ለዳስ መጣያ የተተወ ሰፊ መሬት ነበረው። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን ዳስ ይጣልበታል። በቀረው ጊዜ፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ አረም ያበቅላል። ሆኖም የዳስ ቦታ የሌለው ሰው ከሰው አይቆጠርም ነበር።

የደባልቄ አንድያ ልጅ የውብነሽ አግብታ ጎጆ መውጫዋ ሲደርስ አባቷ ዘንድ መጣች። በዳሱ ቦታ ላይ፣ ከእሱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ጠባብ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ብትሠራ ለብቻው ከሚቆም ቤት ግማሹ እንጨት እንደሚበቃት፣ እሱንም በስተርጅናው ከአጠገቡ ሆና እንደምትጦረው ነገረችው። ደባልቄ ልክ መሆኗ ገብቶታል። የሚያስፈልገውን ማገር እንኳ በልቡ ቆጥሮ ጨርሷል። ግን ጎረቤቶቹ ትዝ አሉት።

"ልጄ፣ ነገ ብሞት ዳሴን መንገድ ላይ ሊጥሉት ነው? ሰው ምን ይለኛል?" አላት።

"ለቅሶ ለሚደርሰው ሰው ቦታ አለህ፣ አባዬ። ለእኔ ነው የሌለህ" አለችና ወጣች።

ሌላውም ሰው፣ ደባልቄ እንኳ ለልጁ አልፈቀደም እያለ ልጆቹን መለሰ። ወጣቶቹም፣ የውብነሽም ጭምር፣ ከከተማው ማዶ ወዳለው የጽድ ደን ወጡ። እዚያ የሚጋሩት ግድግዳ ስለሌለ ለየቤቱ አራት ግድግዳ፣ ለየግቢው አጥር ቆረጡ። ደግሞ እነሱም የወላጆቻቸው ልጆች ናቸውና ለየራሳቸው የዳስ ቦታ መነጠሩ። ጽድ ለምሰሶ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። የተተከለው ሳይደርስ ደኑ አለቀ።

ዓመታት አለፉ። ደባልቄ ጉልበቱ ከዳው፤ የልጅ ልጆቹንም ለዓመት በዓል ካልሆነ አያያቸውም። አንድ ቀን የውብነሽን አስጠራትና እያፈረ፣ "በድዬሻለሁ። ቦታው ይኸው፤ ነይና ሥሪ" አላት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

"ቦታውማ ድሮም ነበር፣ አባዬ። አሁን እንጨቱ ከየት ይመጣል?"

መንገዱ ሩቅ ነውና ሳይመሽባት ተነስታ ሄደች።

ወዳጆቼ፣ በመካከላችን ባዶ አድርገን ያጠርነው መሬት ዋጋውን የሚያስከፍለው ሌላ ቦታ ነው፤ ደኑን ያስመነጥራል፣ ልጆቻችንንም ያርቃል። ከተማ በመስፋት ብቻ አያድግም፤ በመጠጋጋትም ያድጋል። እስቲ ወደየግቢያችን እንመልከት፦ ሰው ምን ይለኛል ብለን ባጠርነው መሬት ምክንያት ርቆ የሄደብን ማን ነው?