ላልመጣ ውሃ የወጣ እልልታ

በአንዲት የወረዳ ከተማ ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር ዕጩ ሊመረጥ ሕዝቡ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሁለት ጊዜ የተመረጡት አቶ አንተሁነኝ ዘንድሮም ቀረቡ። ሴቶቹ እንደ ወትሮው እልል ሊሉ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዲት በርበሬ ሻጭ ተነሥታ «እኔም እወዳደራለሁ» አለች።

አቶ አንተሁነኝ ፈገግ ብለው «ጎሽ፣ እመቤት! እስቲ ለሕዝቡ ንገሪ፤ በምርጫ ምን ልምድ አለሽ?» አሏት።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሴትዮዋ አሁን ዝም ብትል ከእንግዲህ እዚያ አዳራሽ ሴት ለመወዳደር እንደማትነሣ ገባት።

«ልምዴማ ያሳፍራል፣ ጋሼ» አለች። «እርስዎ ‹ውሃ ይገባል› ባሉ ቁጥር ቀድማ እልል የምትለው ሞኝ እኔ ነኝ። በንግግርዎ ያንቀላፋው ሁሉ በእኔ እልልታ ባንኖ ያጨበጭባል። እኔም በደረቀ ጉሮሮዬ ጀሪካን አዝዬ ወንዝ እወርዳለሁ። ሁለቴም ያስመረጥኩዎ እኔ ነኝ፤ ሕዝቡ ይቅር ይበለኝ። ዘንድሮ ግን እልልታዬን ቧንቧው እስኪፈስ አቆየዋለሁ።»

አቶ አንተሁነኝ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ዘንድሮ ውሃው በእርግጥ ይገባል!» አሉና እንደ ልማዳቸው ጠበቁ።

ከኋላ ትንፍሽ ያለ የለም። በርበሬ ሻጯ ብቻ፣ ልማድ ሆኖባት እልልታው ከአፏ ሊያመልጣት ሲል፣ በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።