ሦስተኛው ጣት

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ ቆላ ከተማ የመንግሥት ነዳጅ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ ጉቦ የማያውቅ፣ ሳቅም እምብዛም የማያውቅ ሰው። የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ፀሐይ ሳትበረታ ሥራን መጨረስ ነበርና፣ በማለዳ መለኪያ ዘንጉን ተሸክሞ ከማደያ ማደያ ይዞራል። ዘንጉን ወደ ነዳጁ ጉድጓድ ይሰዳል፤ ቦቴው ትናንት ካራገፈው ሁለት ጣት ጎድሎ ካገኘ ማደያውን ያሽጋል። ቀትር ላይ ግን ማደያ ረግጦ አያውቅም።

አንድ ቀን የአንዲት ባልቴትን ማደያ አሸገ። «ጌታዬ፣ ጠብታ አልነካሁም!» ብላ ማለች። «ዘንጉ ይናገራል» ብሏት ሄደ። ምስኪን፣ ማደያዋ ተዘግቶ ሦስት ወር ቲማቲም ስትሸጥ ከረመች።

ጡረታ በወጣ ማግስት የባለ ማደያዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ቀጠረው። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን የጓሮ በር የሚያውቅ ሰው አገኘን ብለው ነው። የድሮ ባልደረቦቹ ደግሞ «ሸጠን» ብለው ሰላምታ ነፈጉት። ይህ አንገበገበው። ሌባውን ከውስጥ ሆኜ እይዘዋለሁ፣ ስሜንም አድሳለሁ ብሎ ተነሣ።

ከባልቴቷ ማደያ ጀመረ። የእሷ ቦቴ ሁልጊዜ የሚደርሰው በቀትር ነበር። የቦቴውን ሆድ ቢነካ መዳፉ ተለበለበ። ነዳጁ እንደተራገፈ ለክቶ ምልክት አደረገ፤ ጉድጓዱን ቆለፈ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ይህም አላስተማመነውም፤ ፍራሹን አምጥቶ ክዳኑ ላይ ተኝቶ አደረ። ጠዋት ሲለካ ሁለት ጣት ጎድሏል።

«እንግዲህ ሌባው እኔ ነኝ!» ብሎ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን የተለበለበ መዳፉን አየ፤ ነገሩ ገባው። በሐሩር ያበጠ ነዳጅ ከመሬት ሥር ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። ባልቴቷ አልሰረቀችም ነበር።

የድሮ አለቃውንና ማኅበርተኞቹን ባንድ አዳራሽ ሰበሰበ። ነገሩን አስረድቶ ሲያበቃ፣ «ይቺን ሴት የበደልኋት እኔ ነኝ» አለ።

ማኅበርተኞቹ በደስታ አጨበጨቡ። ከመካከላቸው አንዱ ሀብታም፣ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የጎደለውን ሁሉ በሙቀት አሳብብልን!» አለው።

ሰውየው ዘንጉን ብድግ አደረገ። እንጀራው በዚህች መልስ ላይ እንደተንጠለጠለ ያውቃል። «ሁለቱን ጣት ሙቀት ይወስዳል። ሦስተኛውን ጣት የወሰደ ካለ እጁን ያውጣ» አለ።

እጅ የለም። ከማኅበርተኞቹ መካከል ባልቴቷ ተነሣችና፣ «ሁለት ጣት ለማወቅ ሃያ ዓመት! አይ የኛ ሊቅ! በል ና፣ ቲማቲም አልቀረኝም እንጂ እሰጥህ ነበር» አለችው። ያን ጊዜ አለቃውም ሀብታሙም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የተራገፈ ነዳጅ መነሻ ልክ የሚወሰደው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በሁለቱም ወገን ፊት ሆነ።

አንተም ልጄ፣ «የመንግሥት ሥራዬን ትቼ የነጋዴዎቹን ማኅበር ብመራ ከዳተኛ እባላለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መባሉንስ ትባላለህ። ግን ያ ሰው አንተ ነህ፣ ዘንጉም ኅሊናህ ነው። ሂድ፤ ከወዲህ ሆነህ ያልታየህን ከወዲያ ታየዋለህ። ዘንግህን ብቻ ትተህ እንዳትሄድ። ሦስተኛውን ጣት ሸፍንልን ባሉህ ቀን እምቢ ካልህ ማንንም አልከዳህም። እምቢ ማለት የሚያስፈራህ ከሆነ ግን፣ ልጄ፣ አሁን የተቀመጥህበት ወንበርም ያንተ አይደለም።