ሙሾ ለቋሚ ሰው

«አንዲት አልቃሽ ነበረች» አሉ የኔታ ዕንባቆም፣ ናሁሰናይ ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ።

ናሁሰናይ ዘፋኝ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ከከተማው ዳር ያለው የድንጋይ መፍጫ አቧራ ሕፃናቱን እንዴት እንደሚያስላቸው ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ ተወደደ። ከመወደዱ የተነሳ ሰርግ ላይ ይጨፈርበት ጀመር። አሁን ደግሞ የድንጋይ መፍጫው ባለቤት ራሱ፣ «እሁድ ልጄን ክርስትና አስነሳለሁ፤ መጥተህ ያንን ዘፈን ዝፈንልኝ» ብሎ ጠራው። ወጣቱ ግራ ገባው። እነሱ የሚለማመዱበት አዳራሽ የሰውየው ነው፤ እምቢ ቢል ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው። እሺ ቢል ደግሞ ምኑን ዘፋኝ ሆነ? ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ወይስ ዘፈኑን ጭራሽ ልተወው ብሎ ነበር የኔታ ዘንድ የመጣው።

«እናንተ ልጆች መቸኮል ብቻ ነው የምታውቁት» አሉ የኔታ ጋቢያቸውን ሰብስበው። «አልቃሽ ነበረች ብያለሁ፤ ስማ።» እንዲህ ብለውም ቀጠሉ።

ይቺ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የማያለቅስ ሰው አልነበረም። በምትኖርበት አገር ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም ከወንዝ ማዶ ነው፤ ድልድይ ግን የለም። ክረምት ወንዙ በሞላ ቁጥር ሰው ይወስዳል። ሰው በተወሰደ ቁጥር ደግሞ እሷ ትጠራለች። ለቅሶ ቤት ገብታ ቤተሰቡን ትጠይቃለች፤ በቤት ስሙ ማን ይባል ነበር፣ ምን ይወድ ነበር፣ ሲስቅ እንዴት ነበር ትላለች። የአልቃሽ ወጉ ይኸው ነው። ከዚያ ያንን በግጥም ታወርደዋለች። ለቀስተኛው ደረቱን ይደቃል፣ ድምፅዋን እያደነቀ ወደ ቤቱ ይገባል። በዓመቱ ወንዙ ሌላ ሰው ይወስዳል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው አንድ ባለጸጋ ነበር። ለድልድይ የሚሆን ረጅም ጥድ ያለው በእሱ ደጅ ብቻ ነው። ሰዎች ግንድ ስጠን ሲሉት «ለከርሞ» ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንባውም የውነት እንባ ነው። ለቅሶው ሲያበቃ አልቃሽዋን አቅፎ፣ «አንቺ ባትኖሪ እንዴት ይወጣልን ነበር?» ይላታል።

መጀመሪያ ነገሩ ደስ ይላት ነበር። እያደር ግን መንገድ ላይ ቆማ የምታስብ ሆነች። «እኔ አሳምሬ ባለቀስኩ ቁጥር ሰዉ ይወጣለታል። ከወጣለት ይረሳል። ታዲያ እኔ የምጠቅመው ማንን ነው፣ ሟቹን ነው ወንዙን?» አለች። ዝም ልበል ብላ አሰበች፤ ዝም ማለቱም በሟች እናት ላይ ግፍ መሰላት። መላው ጠፋት።

ሰኔ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጥሩ ልብሷን ለብሳ ወደ ባለጸጋው ቤት ሄደች። ተቀምጣም ስለ ወንድ ልጃቸው ትጠይቅ ጀመር፤ የቤት ስሙ ማን ነው፣ ምን ይወዳል፣ ሲስቅ እንዴት ነው አለች። እናትየው ሚስት ልታመጣለት መስሏት ፊቷ በራ። የልጇን ጠባይ፣ ፈረስ ግልቢያውን፣ የሚወደውን ወጥ ሳይቀር ዘረዘረችላት። ባለጸጋውም ሞቅ ብሎት፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ሙሽራስ የለችም፣ ጌታዬ» አለች አልቃሽዋ። «ሁልጊዜ ከሞተ በኋላ ስጠይቅ እናት መናገር ያቅታታል። ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ልጠይቅ ብዬ ነው። የርስዎም ልጅ እኮ ገበያ የሚሄደው በዚያው ወንዝ ነው።»

እናትየው «ምላስሽ ይቆረጥ፣ ሟርተኛ» ብላ ገፍትራ አስወጣቻት። እሷ ግን ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች፤ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ገባች። ውሻ የለቀቁባት አሉ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ያደረገችው ጽድቅ ይሁን እብደት ለራሷም አልገባትም።

ዝናቡ ጣለ። የባለጸጋው ልጅ እንደ ልማዱ በቅሎውን ጭኖ ገበያ ሊወርድ ተነሳ። አባቱ ደጅ ቆሞ ሲያየው ልጁ አንድ ነገር አለና ሳቀ። ይኼኔ ለአባትየው ያች ጥያቄ መጣችበት፤ «ሲስቅ እንዴት ነበር?» የምትለዋ። ጭነቱን ከበቅሎው ላይ አራገፈ፣ መጥረቢያውን አነሳና ወደ ጥዶቹ ሄደ። ጎረቤቱም የመጥረቢያ ድምፅ ሲሰማ ሊያግዘው መጣ፤ በሱም ቤት ተጠይቆ ነበርና።

ድልድዩ ተሠራ። እሷን ግን ማንም አላመሰገናትም። ሟርተኛ እንደተባለች ቀረች፣ ለለቅሶም የሚጠራት ጠፋ። አርጅታ ስትሞት ሙሾ ያወረደላት የለም። ቀኑ ክረምት ነበር፣ ወንዙም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሬሳዋን በድልድዩ ላይ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሷት።

የኔታ ወደ ናሁሰናይ ዞሩ።

«አየህ፣ የድንጋይ መፍጫው ጌታ በዘፈንህ የሚጨፍረው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ዘፈንህ የሚያዝነው ለሌላ ሰው ልጅ ነው። እሱም እንደ ባለጸጋው አብሮህ አዝኖ፣ አብሮህ ጨፍሮ ይወጣለታል። አንተ ደግሞ ሲጨበጨብልህ ሥራው ያለቀ መሰለህ።»

ናሁሰናይ ራሱን አከከ። «አልገባኝም፣ የኔታ። እና እሁድ ልሂድ?»

«ሂድ እንጂ። ለመሆኑ ክርስትና የሚነሳው ልጅ ስሙ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እንግዲያው ነገ ሄደህ እናቱን ጠይቅ። በቤት ማን ትሉታላችሁ፣ ምን ሲያይ ይስቃል፣ ያስለዋል ወይ በላት። አቧራው እነሱ ደጅ ሲደርስ አይመለስም። እሁድ ያንኑ ዘፈን ዝፈን፤ በሚያስለው ሕፃን ቦታ የሱን ስም አግባበት።»

«ከአዳራሹ ያስወጣናል እኮ።»

«ሊያስወጣችሁ ይችላል። እሷንም ውሻ ለቀውባታል» አሉ የኔታ። «ሬሳዋን ከተሸከሙት መካከል ማን እንደነበር ግን አልነገርኩህም። ያ በዝናብ ገበያ ሊወርድ የነበረው ልጅ ነው፤ እሱም በዚያን ጊዜ ሸምግሎ ነበር።»